ከወንበሩ ሥር የጠፋው ንዝረት

ጥር 19፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት የቶርኖ ሥራ ልኮችን ልጽፍበት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ገጾች እውነትም ልክ ብቻ ናቸው፤ የዘንግ ውፍረት፣ የጥርስ ብዛት፣ የቡሎን ቀዳዳ። ከዛሬ ጀምሮ ሌላም ነገር ይጻፍበት። ሠላሳ ዓመት ብረት ሳነጋግር ኖሬ ሰው ማነጋገር ከብዶኝ ይሆናል።

ሞተሩ አውሮፕላኑ ላይ ከተገጠመ ወዲህ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሳነው። ወንድሜ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ከክንፉ ሥር፣ ጎረቤታችን በያጁ ደግሞ የአውሮፕላኗን ጭራ ከግንድ ጋር ያሰረውን ገመድ እየጠበቀ። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ እኔ እየቆረጥኩ እሱ እየገጠመ የሠራናት ናት። ወረቀት ላይ ስሟ የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ እኛ ግን እግሮቿ ረዣዥም ስለሆኑ አንበጣዋ እንላታለን። ስሙን ያወጣው ወንድሜ ራሱ ነው። ሃያ ዓመት ከአየር ላይ የአንበጣ መድኃኒት ሲረጭ የኖረ አብራሪ ነውና፣ "አሁን ደግሞ በተራዬ ይርጩኝ" እያለ ይስቃል።

ሞተሩ ሮታሪ ነው። ከአሮጌ የስፖርት መኪና ነው ያወጣነው። ፒስተን የለውም፤ ወደላይ ወደታች የሚል ነገር የለም፤ ሦስት ማዕዘን ብረት ቤቱ ውስጥ እየተሽከረከረ ይሠራል። ስለዚህ ወንድሜ ለዘመድ ለወዳጅ "ሮታሪ አይንቀጠቀጥም፣ ላዩ ላይ ብርጭቆ ብታስቀምጡ ውኃው አይፈስም" ሲል ከርሟል። ዛሬም ለጉራው ብርጭቆ አስቀመጠበት። በደቂቃ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዙር ላይ ሲደርስ ብርጭቆው በእግሩ የሚሄድ ይመስል ወደ ጠርዙ ተጓዘና ወርዶ ተሰበረ። በያጁ ሳቁን በጓንቱ ሸፈነ። ወንድሜ ከወንበሩ ሲወርድ ጥርሱ ሳይቀር ይንገጫገጭ ነበር።

ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፤ ፕሮፔለሩ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው መዞር ያለበት። መሃል ላይ ፍጥነቱን የሚቀንስ ማርሽ ቤት አለ፤ ጥርሶቹን የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ። ከሞተሩና ከማርሹ መካከል ግፊያውን የሚያለዝብ የጎማ ክብ አለ፤ እሱንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሞተሩ ይገፋል፣ ፕሮፔለሩ ከብዶት ያመነታል፣ ዘንጉ በመካከላቸው ሁለት ሰው እንደሚጨምቀው እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛል፤ ይለቀቃል፤ እንደገና ይጠመዘዛል። መንቀጥቀጡ ከዚያ ነው።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ከ2400 እስከ 3000 ዙር። ከዚያ በታች ደህና። ከዚያ በላይ ደህና። መሃሉ ላይ ሰይጣን ተቀምጦበታል።

ወንድሜ "ቶሎ ማለፍ ነው" አለ። መሬት ላይ ይታለፋል። ጋዙን ጫን ሲያደርጉት በሁለት ሰከንድ ያልፉታል።

የደንበኛ ዘንግ ሳይጠናቀቅ ቀረ። ሰውዬው ተቆጣ። ልክ ነው።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ወንድሜ ዛሬ ሥራ ሳይጀምር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የዓይኑ ግፊት አልወርድ እንዳለ ሐኪሙ ነግሮታል፤ ዳር ዳሩ እየጠበበ ነው። መሃሉን አጥርቶ ያያል፤ ግራና ቀኙ ግን ቀስ እያለ እንደሚዘጋ መጋረጃ ነው አለኝ። የመብረሪያ የጤና ወረቀቱ እስከ መጋቢት መጨረሻ ይሠራል። ከዚያ በኋላ አይታደስም። ይህን ሲነግረኝ የቡሎን ዳዶ እየቆጠረ ነበር፤ እኔን እንዳያይ።

"ታዲያ እስከ መጋቢት ብዙ ቀን አለ" አልኩት። ሞኝ መልስ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አቅፎት ያለቅስ ነበር፤ እኔ ቀን ቆጠርኩለት።

ሚስቱ ነርስ ናት። እሷ ደግሞ ማታ መጥታ ባሏን ልትወስድ በሩ ላይ ስትቆም፣ እንደ ወትሮዋ "ሌላ ሚስት አግብቶ እኔ ጋ ልብስ ለመቀየር ብቻ ነው የሚመጣው" ብላ ቀለደች። ዓይኗ ግን ቀይ ነበር።

የካቲት 2፣ እሑድ

መፍትሔ አገኘሁ። ሞተሩን ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የሚያያይዙት አራት የጎማ መቀመጫዎች አሉ። በጣም ደረቅ ስለሆኑ ሞተሩ ያለበትን ሁሉ ሳያስቀሩ ለወንበሩ ያቀብላሉ። ከከባድ መኪና የሞተር መቀመጫ ጎማ ለስላሳውን መርጬ ቆረጥኩ፤ በየመካከሉ ቀጭን ላሜራ አስገባሁ፤ በጣት ሲጫኑት እሺ እንዲል፣ ሲጎትቱት ግን እንዳይለቅ። አራቱን አንድ ዓይነት ለማድረግ አሥራ አንድ ቆርጬ ሰባቱን ጣልኩ።

ወንድሜ ሲያየኝ ዋለ። "እትዬ፣ አንቺ እኮ ሐኪም መሆን ነበረብሽ" አለኝ። እጄን አየሁት፤ ጥቁር ዘይት እስከ ክርን። ቢሆንም ደስ አለኝ። ባሌ ጥሎኝ ከሄደ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ያለኝ ሰው የለም።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ጠፋ!

ወንድሜ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከታች እስከ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች ወሰደው። ሁለት ሺህ አራት መቶ፣ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ፣ ሦስት ሺህ። ወንበሩ ላይ ያስቀመጥኩት ብርጭቆ ውስጥ ውኃው ፊቱ እንኳ አልተሸበሸበም። ሲያጠፋው መዳፉን ወንበሩ ላይ እንዳደረገ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወርዶ አቀፈኝ። በሕይወቴ ከተሠራልኝ ሥራ ሁሉ፣ ማለቴ ከሠራሁት፣ ይህ ይበልጣል። ለነርሷ ነገርኳት፣ ለደንበኞቼ ነገርኳቸው፣ ዘይት ለሚያመጣልኝ ነጋዴ ሳይቀር ነገርኩት። ደረቴን ነፍቼ ነው የዋልኩት።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

በያጁ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ከአጥሩ ወዲያ ሲያወራ ሰማሁ። ሹፌሩ ስለ ሞተሩ ጠየቀው። "ሴትዮዋ ወንበሩን ነው ያከመችው እንጂ ሞተሩን አይደለም" አለው።

ደሜ ፈላ። በያጅ ስለ ዘንግ ምን ያውቃል? ብረት ከብረት ያጣብቃል፣ በቃ። ከሰዓት በኋላ ግን ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሞተሩን ብቻዬን አስነሳሁና እንደ አሮጌ መካኒክ የእንጨት እጀታ ያለውን ካቻቢቴ ጫፉን ማርሽ ቤቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ላይ ጠጠር በጣሳ ውስጥ እንደሚያናውጡት ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

የመጋዘኑ መዝጊያ ሰንሰለት ሊሆን ይችላል። ነፋስ ነበር።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ረጅም ቀን። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ሞተሩ መሬት ላይ ታስሮ አሥር ሰዓት ሠርቷል። ስለዚህ የማርሽ ቤቱን ዘይት መለወጥ ነበረብኝ። የማፍሰሻው ቡሎን ጫፉ ላይ ማግኔት አለው፤ ዘይቱ ውስጥ ብረት ካለ እዚያ ላይ ይሰበሰባል። ወንድሜ ነዳጅ ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። ቡሎኑን ፈትቼ አወጣሁት።

አዲስ ማርሽ ትንሽ ዱቄት ይሰጣል፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ጥርሶቹ እስኪላመዱ ነው። ይህ ግን ዱቄት አልነበረም፤ ግራጫ ጭቃ ነበር፤ ጭቃው ውስጥ ደግሞ በጥፍር የሚነሡ ቅርፊቶች ነበሩ። በብርሃን አየኋቸው። አንዱ ወገን የሚያብለጨልጭ ነው፤ የጥርስ ፊት ነው።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ንዝረቱ የትም አልሄደም፤ ዘንጉ ውስጥ አለ። እኔ ያደረግኩት ወንበሩ እንዳይሰማ ነው። በፊት ወንድሜ ሰይጣኑ ያለበት ዙር ላይ ሲደርስ ወንበሩ ይነግረዋል፤ ጋዙን ጨምሮ ወይ ቀንሶ ይወጣል። አሁን የሚነግረው የለም። መሬት ላይ በሁለት ሰከንድ ይታለፋል፤ ለማረፍ ሲወርድ ግን ጋዙን ቀንሶ ደቂቃዎች የሚቆየው እዚያው መሃል ላይ ነው። እዚያ ላይ ሲቆይ ጥርሶቹ ይደባደባሉ።

የነዳጁ መኪና ድምፅ መጣ። እጄ ጨርቅ አነሣ። ማግኔቱን ጠረግኩት፤ ደግሜ ጠረግኩት፤ ቡሎኑን መልሼ ገጠምኩ። ወንድሜ ገብቶ "ማግኔቱ እንዴት ነው?" አለኝ።

"ንጹሕ" አልኩት።

ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አይ፣ አውቃለሁ። ነገ ጎማ ቀራጩ ጋ ሄጄ ለማርሹ አዲስ ለስላሳ የጎማ ክብ በስንት ቀን እንደሚሠራ እጠይቃለሁ። ቶሎ ከደረሰ እነግረዋለሁ። ያኔ ችግሩንም መፍትሔውንም አብሬ ይዤ እቀርባለሁ። እስከዚያ ግን ሰው ማስደንገጥ ምን ይረባል።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ጎማ ቀራጩ፦ ቅርጹን ለማውጣት ሦስት ሳምንት። ለመጋገር ሁለት። እኔ ደግሞ ጥርሶቹን እንደገና ለመቁረጥና ለማጠንከር ሁለት። ሰባት ሳምንት። ሚያዝያ።

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ በጣቴ ቆጠርኩ። ምንም ብቆጥር ሚያዝያ ነው።

ለወንድሜ አልነገርኩትም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ከአቪዬሽን መሥሪያ ቤት የመጣው ተቆጣጣሪ ቀኑን ሙሉ ሲፈትሽ ዋለ። ቀጭን፣ ትሁት ሰው ነው፤ ጫማውን ሳይቀር አውልቆ ነው ክንፉ ላይ የወጣው። የሞተሩን መቀመጫዎች ሲያይ በጣቱ ተጫናቸው፣ ተንበርክኮ ተመለከታቸው፣ "ማን ነው የሠራቸው?" አለ። ወንድሜ ወደ እኔ ጠቆመ። ተቆጣጣሪው እጁን ዘረጋልኝ። እንደ እኩያ ባለሙያ ነው የጨበጠኝ።

ከዚያ ከማርሽ ቤቱ ዘይት ሲለወጥ ምን እንደታየ ጠየቀ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ምንም" አልኩት። ጻፈው። ፈረመ። ወንድሜ ያን ጊዜ ወደ ውጭ ያይ ነበር፤ ወደ ነፋስ ማሳያው ጨርቅ።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ሁለተኛ ዘይት። ጭቃው ቀንሷል። በእውነት ቀንሷል፤ ለራሴ ስል አይደለም የምለው። ቅርፊት ሁለት ብቻ። እየተላመደ ይሆናል። ጥርሶቹ ተፋጭተው ይስተካከሉ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ የወፍጮ ማርሽ ላይ።

ጠረግኩት።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ነርሷ ወደ ሱቄ መጣች። የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ቶርኖውን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ፣ "እትዬ፣ ስለ ሞተር አላውቅም። ስለ ሰው ነው የማውቀው። የሚያስፈራ ነገር ካለ ለእኔ ንገሪኝ፤ እኔ ጥፋተኛ ሆኜ አስቀረዋለሁ፣ አንቺ ላይ አይመጣም" አለችኝ።

እንዴት ያለ ዕድል ነበር። ሰው እንዲህ ያለ በር ሲከፈትለት ይገባል። እኔ ግን፣ ወንድሜ ከመጋቢት በኋላ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ያልበረረችውን አንበጣ ሲያያት ታየኝ፤ እድሜ ልኩን። "እኔ የሠራሁት ነው" አልኳት። እሷ ይህን እንደ መልስ ወሰደችው። ሳመችኝና ሄደች።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

በረረች።

ወንድሜ ሲነሣ የበያጁን ክንድ ጨበጥኩ። ሁለት ጊዜ ዞረ። ሲወርድ ግን ፈጥኖ መጣ፤ እጅግ ፈጥኖ። እንዲህ አድርጎ ሲያርፍ በሃያ ዓመት አይቼው አላውቅም፤ ያለወትሮው ሞተሩ እየጮኸ ነበር። ጎማዎቹ ከነኩ በኋላ ነው ያጠፋው። የምንነሣበት ሜዳ ሰባት መቶ ሜትር ነው፤ ጫፉ ላይ የሲሚንቶ የውኃ መውረጃ ቦይ አለ፤ ከቦዩ ወዲያ ረጃጅም ባሕር ዛፍ ስለሆነ በዚያ ወገን ገብቶ ማረፍ አይቻልም። ከቦዩ ብዙም ሳይርቅ ቆመ።

ሁላችንም እየጮህን ሮጥን። አንበጣዋን በእጃችን እየገፋን መለስናት። "ምነው ቸኮልክ?" አልኩት። "እጄ ዝጎ ነው፣ ሦስት ዓመት ሳልበር" አለና ሳቀ። ነርሷ አልሳቀችም። ወደ ጎን ወስዳኝ ቀስ ብላ፣ "ርቀቱ አሳስቶት ይሆን? ዓይኑ?" አለችኝ። "አይመስለኝም" አልኩ፤ ግን እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር።

ማርሽ ቤቱን ነካሁት። ሞቃት፣ ደህና። ያን ሁሉ ሌሊት በከንቱ ነው የተቃጠልኩት ማለት ነው።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ዛሬ ልነግረው ቆርጬ ነበር። እውነት። "ስማኝማ" ብዬ ጀመርኩ። እሱ ካርታ ዘርግቶ ነበር። "ቅዳሜ እስከ ግድቡ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ከዚያ ይበቃኛል፤ ከዚያ ትሸጥ ትለወጥ ግድ የለኝም" አለ። ፊቱ ላይ እንደ ልጅነቱ ዓይነት ነገር አየሁ።

"ምን ልትዪኝ ነበር?" አለኝ።

"ጃኬትህን እንዳትረሳ፣ ላይ ይበርዳል።"

ትንሽ አየኝ። እሱም የሚለው ነገር ያለው መሰለኝ። ከዚያ ካርታውን ማጠፍ ጀመረ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

አልችልም።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ቀብሩ አልፏል። ሰው ሄዷል። ቤቱ ውስጥ የተደረደሩት ወንበሮች አሁንም እንዳሉ ናቸው፤ ማን እንደሚመልሳቸው አላውቅም።

ልጻፈው። ከግድቡ በሰላም ተመለሰ። ጠዋት ከፊት የነበረው ነፋስ ዞሮ ነበር፤ የነፋስ ማሳያው ጨርቅ ወደ ቦዩ ይጠቁም ነበር። ነፋሱን ከኋላው አድርጎ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ እንደ ባለፈው ፈጥኖ መጣ። በያጁ "ጋዙን ለምን አይቀንስም!" እያለ ሜዳው ዳር ሮጠ። እኔ ባለሁበት ቆሜ እጄን ወደታች ወደታች አደርጋለሁ፤ ቀንስ፣ ቀንስ። ሜዳውን ከግማሽ በላይ ካለፈ በኋላ ነው መሬት የነካው። ቦዩ ውስጥ ገባች። ስደርስ አንገቱ ላይ እጄን አደረግኩ። ነርሷ ከኋላዬ መጥታ እጄን በቀስታ አነሣችውና የራሷን እዚያው አደረገች። ከዚያ ሰዓቷን አየች፤ እንደ ሥራዋ። ሰዓቱን ጮክ ብላ ተናገረች።

ማርሹ ነው። ማርሹ ተሰብሮ ነው። እኔ ነኝ የገደልኩት። ይህን በስድስት ቀን ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

የአደጋ መርማሪው ማርሽ ቤቱን በራሴው ሱቅ ውስጥ፣ ብረት በማስርበት በራሴው ሞርሳ ላይ ፈታው። እንዳይፈታው ልለምነው ምንም አልቀረኝም ነበር። ክዳኑን ሲያነሣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ደህና ነው" አለ።

ከፈትኩ። ጥርሶቹ ተበልተዋል፤ ፊታቸው ተላልጧል፤ ነገር ግን አንድም አልተሰበረም። ዘንጉ ቀጥ ያለ ነው። መርማሪው በመነጽር እያየ፣ "ብዙ ተጎድቷል፣ መለወጥ ነበረበት፤ ግን ገና ሠላሳ አርባ ሰዓት ይሠራ ነበር። ሰውየውን የገደለው ይህ አይደለም" አለኝ። ሞተሩን ጎማ መሬት በነካ ቅጽበት በቁልፍ አጥፍቶታል፤ ስለዚህ ተመልሶ መነሣት አልቻለም። የማይገባው ነገር ለምን በዚያ ፍጥነት እንደመጣ ነው። የጤና ወረቀቱን አነሣ። ስለ ዓይኑ ያለውን ደግሞ አነበበ። "ርቀቱን አላየውም መሰለኝ" አለ።

አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ቀለለኝ። መርማሪው እስኪወጣ ድረስ ጠበቅኩና ሱቄ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከሐዘን አልነበረም።

መጋቢት 28፣ እሑድ

መጋዘኑን ላጸዳ ሄድኩ። የወንድሜ የመሣሪያ ሣጥን ሥር፣ ከቁልፎቹ በታች፣ ዘይት የጠጣ ትንሽ ደብተር አገኘሁ። የበረራ ደብተሩ ነው። ነርሷ እንዲህ ያለ ደብተር እንደነበረው አታውቅም። የራሱን ቃል እዚህ ልገልብጠው፤

"የካቲት 5። ወንበሩ ዝም አለ። ዘንጉ ግን ዝም አላለም፤ በመሪው ዘንግ በኩል ጣቴ ላይ ይሰማኛል። እትዬ ደስ ብሏታል። ዛሬ አልናገርም።

የካቲት 14። ማግኔቱ ንጹሕ ነው አለች። ማታ ፈትቼ አየሁት። አዲስ ማርሽ አሥር ሰዓት ሠርቶ ማግኔቱ እንዲህ ንጹሕ አይሆንም። ጠርጋዋለች። የጨርቁ ክር ቀርቶበታል። ብጠይቃት ትፈታዋለች፤ ከፈታችው መጋቢት አለፈ። እሷም ዝም፣ እኔም ዝም።

የካቲት 20። ለተቆጣጣሪው ዋሸችልኝ። ፊቴን ወደ እሷ ማዞር አልቻልኩም።

ሲወርዱ ከ3500 በታች አለመሆን፤ ክፉውን ዙር ፈጽሞ አለመንካት። ጎማ መሬት ሲነካ ማጥፋት። ሜዳው ይበቃል።

መጋቢት 6። ሜዳው በቃ። ለጥቂት። ነፋስ ከፊት ነበር። ከኋላ ቢሆን አይበቃም ነበር። ነፋሱ ከኋላ ከሆነ አለመብረር።"

ከዚህ በኋላ ባዶ ገጽ ነው።

አሥር ጊዜ አነበብኩት። አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ አብረን ቁጭ ብለን እናሰላው ነበር። ሜዳው እንደሚያጥር እኔ በሜትር አሰላለት ነበር፤ ነፋስ ሲዞር ከመሬት ሆኜ ምልክት አሳየው ነበር፤ ረዘም ወዳለ ሌላ ሜዳ ሂድ እለው ነበር። ጋዙን ቀንሶ እንደ ልማዱ ቢወርድ እንኳ ማርሹ ይችለው ነበር። እኔ ቀንስ፣ ቀንስ እያልኩ እጄን የማወዛውዘው እንዳይቀንስ ያደረግኩት ራሴ ሆኜ ነው።

ደብተሩን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት። ነርሷ ስትበረታ እሰጣታለሁ። አሁን ምን ይጠቅማታል።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ነርሷን ልጠይቃት ሄድኩ። ልጃቸው ጓዳ ውስጥ ተኝታለች። ነርሷ ሥራ አቁማለች። ጠረጴዛው ላይ ለመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ አለ፤ ራሷ የጻፈችው፣ ያልተላከ፤ ልትለቅ ነው።

የዓይን ሐኪሙ አብሯት የሚሠራ ሰው ነው። በጥር ወር ወረቀቱን ወዲያው ሊሰርዝበት ነበር። እሷ ነች ቢሮው ገብታ የለመነችው። "እስከ መጋቢት ብቻ፣ አንዴ ይብረርባት ብዬ እግሩ ላይ ነው የወደቅኩት" አለችኝ። "ዓይኑ እንደማያይ እያወቅኩ። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እትዬ። ነርስ ሆኜ።"

እጇን ያዝኩ። አፌን ከፈትኩ። "አይዞሽ" አልኩ።

አይዞሽ!

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ነገ ጠዋት ሁለቱን ደብተሮች ይዤልሽ ወደ ቤትሽ እመጣለሁ፤ የእሱንና ይህን። ይህኛውን መጀመሪያ አንብቢ። በአፌ ከሞከርኩት እንደገና ስለ ጃኬት ነው የማወራልሽ፤ ራሴን አውቃታለሁ።

ደብዳቤውን አትላኪው። መርማሪው ሜዳው ላይ የቀረውን የጎማ ምልክት ለክቶ አሳይቶኛል፤ ፍሬኑን የያዘው ጎማው መሬት ከነካበት ቦታ ጀምሮ ነው፤ እስከ ቦዩ ድረስ አንድም ቦታ አልለቀቀውም፣ አንድ ክንድ እንኳ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አልዘነበለም። ጥፋቱ የዓይኑ አልነበረም። የሜዳውን ጫፍ እስከ መጨረሻው እያየው ነበር የመጣው።